ለቤት ወርክሾፕ ድምፁ ዝቅ ያለ ኮምፕሬሰር ሲገዛ

አየር እየጨመቀ ድምፅ የማያወጣ ኮምፕሬሰር የለም። ካርቶኑ ላይ «ድምፅ አልባ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ድምፁ ዝቅ ያለ ማለት ነው፤ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ከየት ሆኖ እንደተለካ፣ ምን እየሠራ ሳለ እንደተለካ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። በጓሮ ሰርቪስ ቤት አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጺ ወይም ቅዳሜና እሑድ በር እየረጨ ኑሮውን የሚደጉም ቀለም ቀቢ ይህን ማሽን ሲገዛ ለራሱ ብቻ አይገዛም። አጥር የሚጋራው ጎረቤት፣ ከሰዓት በኋላ የሚተኛ ሕፃን፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሁሉ አብረው ይሰሙታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ ከፍተኛ ወሰን የሚያስቀምጥ ደረጃ እንዲኖር ይደነግጋል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠውም ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጉርብትናና የሕግም ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ዴሲቤልን መረዳት ያስፈልጋል። እንደ ኪሎና እንደ ሜትር በቀጥታ የሚደመር ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ በ3 ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ጆሯችን ግን ይህን የሚሰማው በግምት እጥፍ አድርጎ ነው። 60፣ 70 እና 80 ዴሲቤል የሚያወጡ ሦስት ማሽኖች አንድ ቦታ ላይ በየተራ ቢነሡ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ አራት እጥፍ ይጮኻል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 አካባቢ ነው። 85 ላይ ሲደረስ ደግሞ የጆሮ ጉዳይ ይመጣል፤ የሙያ ጤና ባለሙያዎች በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መሰማት የለበትም የሚሉት ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት። የመስማት ችሎታ ቀስ በቀስ ስለሚሄድ ባለቤቱ ሳያውቀው ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም።

ብዙ ገዢ የሚታለለው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በማሽኖች ላይ የሚጻፈው ዴሲቤል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማሽኑ በጠቅላላ የሚያመነጨውን የድምፅ ኃይል ይገልጻል፤ ይህ ርቀትን አይመለከትም። ሁለተኛው በተወሰነ ርቀት ላይ የቆመ ሰው ጆሮ ዘንድ የሚደርሰውን ድምፅ ይገልጻል፤ ርቀቱ አብሮ ካልተጻፈ ምንም አይነግርም። ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ የተሠሩ ኮምፕሬሰሮች ላይ የሚለጠፈው የድምፅ ምልክት የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን፣ የማስታወቂያ ወረቀቶች ግን ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ቁጥሩ ያንሳላ። ምልክቱ ላይ 97 የተጻፈበትን የተለመደ ትንሽ ኮምፕሬሰር እንውሰድ። ገላጣ ቦታ፣ ጠንካራ ወለል ላይ ቢቀመጥ በ1 ሜትር ርቀት 89፣ በ4 ሜትር 77፣ በ7 ሜትር 72 ዴሲቤል አካባቢ ይሰማል። አራቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አራቱም የአንድ ማሽን ናቸው። አንዱ ሱቅ «97» ሲል ሌላው «72» ቢል፣ ሁለተኛው ሱቅ የተሻለ ማሽን ይዟል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ስንት ዴሲቤል ነው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ «በስንት ሜትር?» የሚለው መከተል አለበት። መልስ ከሌለ ቁጥሩን ከምርጫዎ ውስጥ ማውጣት ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ሞተሩ ላይ ያለው ታርጋ ነው። የፒስተን ኮምፕሬሰር ጩኸት ምንጩ ብዙ ነው፦ አየር በፊልትሮው በኩል እየተቆራረጠ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ፣ የቫልቮቹ መጋጨት፣ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ፣ ከታች ያለው የብረት ታንክ መንቀጥቀጥ። እነዚህ ሁሉ ግን የሚታዘዙት ለፍጥነት ነው። ፓምፑ በደቂቃ ብዙ ዙር በዞረ ቁጥር ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። እንደ እኛ ባለ 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ መለኪያ) መብራት ላይ የሚሠሩ ተራ ሞተሮች ፍጥነታቸው በሁለት ይከፈላል፦ በደቂቃ 2,850 ዙር ገደማ የሚዞሩና 1,400 ዙር ገደማ የሚዞሩ። ታርጋው ላይ የትኛው እንደተጻፈ ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም። እኔ አንድ ነገር ብቻ አይተህ ግዛ ብባል የማየው ይህን ነው።

በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ሞተሩና ፓምፑ በአንድ ዘንግ የተያያዙ፣ ዘይት የሚሞላበት፣ ባለ 24 ወይም ባለ 50 ሊትር ታንክ ማሽን ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ መለዋወጫውም ይገኛል፤ ነገር ግን 2,850 ዙር ስለሚዞር ለመኖሪያ ሰፈር ይከብዳል። እንደ ድሪል ካርቦን ያለው ሞተር የተገጠመላቸው ትንንሽ ዘይት አልባዎች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ቅለታቸው አያታልልዎ። በቺንጊያ የሚሠራው ትልቁ ዓይነት ፓምፑን ከሞተሩ በዝግታ ስለሚያዞር ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ቦታ ይፈልጋል፣ ክብደት አለው፣ ጸጥተኛ ተብሎም አይጠራም።

ለቤት ወርክሾፕ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ሌላ ዓይነት ነው፤ ከሞተሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ፒስተን ያለው፣ ዘይት የማይፈልግ፣ 1,400 ዙር ገደማ የሚዞር። በጥርስ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ የሚታየው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጥሩ የሆነው በአንድ ሜትር ርቀት ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ያሰማል፤ ማለትም አጠገቡ ቆሞ ሳይጮኹ መነጋገር ይቻላል። ድክመቱም መታወቅ አለበት። በዘይት ፈንታ ግጭቱን የሚችለው ፒስተኑ ላይ ያለው የቴፍሎን ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ እየሳሳ ሲሄድ ማሽኑ ለመሙላት ይዘገያል። ሙቀትንም አይወድም። አብዛኛው የተሠራው ከሰዓቱ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን እንዲያርፍ ነው። ከዚህም የሚያንስ ድምፅ የሚፈልግ በፍሪጅ ዓይነት የታሸገ ሞተር የሚሠሩ አሉ፤ ከ40 እስከ 50 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያሰማሉ፤ የሚሰጡት አየር ግን ጥቂት ስለሆነ ለሥዕልና ለሞዴል ቀለም እንጂ ለቁም ሳጥን አይበቁም።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ጸጥታን ብቻ አስቦ ትንሽ ማሽን ይገዛል፤ ማሽኑ ሥራውን ስለማይችለው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ይሠራል። በሒሳብ ሲታይ በ78 ዴሲቤል ለ6 ደቂቃ የሠራ ማሽንና በ68 ዴሲቤል ለአንድ ሰዓት የሠራ ማሽን ያወጡት የድምፅ ኃይል ድምር እኩል ነው። ጎረቤትን የሚያማርረው ደግሞ የድምፁ ከፍታ ብቻ ሳይሆን አለማቆሙ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከድምፅ ሳይሆን ከሥራው ነው፦ የእርስዎ መሣሪያ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይፈልጋል?

በአየር የሚሠራ ትንሽ ምስማር መምቻ በአንድ ምት ከአንድ ሊትር ብዙም አይርቅም፤ ታንኩ ትንሽ ቢሆንም ይበቃዋል። ጎማ መንፋትና አቧራ ማራገፍም እንዲሁ። የቀለም መርጫ ግን ሌላ ነው፤ የቤት ዕቃ የሚረጭበት ዓይነት በደቂቃ ከ150 እስከ 300 ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጠጣል። በአየር የሚሠራ ማለስለሻ ማሽን ከሁሉ የባሰ ነው፤ ያለማቋረጥ ስለሚስብ ለቤት ኮምፕሬሰር አይሆንም። ለማለስለሻ በቀጥታ በመብራት የሚሠራውን መግዛት ገንዘብም ጆሮም ያድናል።

በማሽኑ ወረቀት ላይ ያለውን የሊትር ቁጥርም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። አብዛኛው የሚጻፈው ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በግፊት ወደ ቱቦው የሚሰጠው አይደለም። የሚሰጠው በትንንሽ ማሽኖች ላይ ከተጻፈው ግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ነው። 150 ተብሎ የተጻፈበት በተግባር 80 ቢሰጥ አያስደንቅም።

ታንኩ እንደ ውኃ ሮቶ ነው፤ ያጠራቅማል እንጂ አይጨምርም። ያጠራቀመውን ማስላት ቀላል ነው፤ የታንኩን ሊትር በሚወርደው ባር (የግፊት መለኪያ) ማባዛት። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 4 ባር እስኪወርድ 200 ሊትር አየር ይሰጣል። መርጫው በደቂቃ 200 ሊትር ቢፈልግና ፓምፑ 80 ቢሰጥ፣ በየደቂቃው 120 ሊትር ከታንኩ ይጎድላል፤ ስለዚህ 100 ሰከንድ ያህል ይረጫሉ፣ ከዚያ ታንኩ እስኪሞላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይጠብቃሉ። አንድ የበር ገጽ ለመርጨት ይህ ሊበቃ ይችላል። ስድስት በር ተሰልፎ ለሚጠብቀው ግን አይበቃም፤ ለእርሱ የሚሻለው በጋራ አንድ ታንክ የሚሞሉ ሁለት ሞተር ያሉት ጸጥተኛ ማሽን፣ ወይም አነስተኛ አየር የሚጠቀም መርጫ ነው። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለት ሞተር በአንድ ላይ ሲሠራ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል ብቻ እንደሚጨምርም ያስታውሱ።

በደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ወረቀቱ የማይነግረን ተጨማሪ ሒሳብ አለብን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው ቦታ ያው ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ግን ሳስቷል። በባሕር ወለል 80 ሊትር የሚሰጥ ማሽን እዚህ 60 እንደሚሰጥ ቢቆጠር ይሻላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ፣ የመርጫው ጊዜ ወደ 86 ሰከንድ ይወርዳል፣ የመጠበቂያው ጊዜ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይሆናል። የሳሳ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ድሬዳዋ ላይ የከፍታው ጉዳት ያንሳል፤ በምትኩ ሙቀቱ አለ። በሁለቱም ቦታ መፍትሔው አንድ ነው፤ ከሚያስፈልገው ሩብ ወይም ሲሦ ያህል የሚበልጥ ማሽን መምረጥና 8 ባር ድረስ ከመሙላት ይልቅ ሥራው በሚፈቅደው ዝቅተኛ ግፊት መሥራት። ለቀለም ከ2 እስከ 3 ባር በቂ ሆኖ ሳለ ማሽኑን እስከ ጣሪያው ማስጮህ አያስፈልግም፤ ግፊቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ድምፁም ይጨምራል።

ከውጭ አገር ለሚያስመጣ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ማሽን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ላይ በስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይሞቃል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ቮልቱ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ችግር የሌለበት ይመስላል፤ የዚያም አገር መብራት ግን 60 ኸርዝ ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚመጣው 50 ስለሆነ አያሳስብም። ከየትም ይምጣ፣ ታርጋው ላይ 50 ወይም «50/60» የሚል መኖሩን ሳያረጋግጡ የጭነት ዋጋ አይክፈሉ።

አሁን ማሽኑ ተገዝቶ ቤት ገብቷል እንበል። ቦታው ከምርጫው ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን ከሥራ ጠረጴዛው አርቆ ረጅም የአየር ቱቦ መዘርጋት ጥሩ ነው። በተቃራኒው ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን መዘርጋት መጥፎ ነው፤ ኮምፕሬሰር ሲነሣ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ በቀጭን ገመድ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሞተሩ ሳይነሣ ያጉረመርማል፣ ጥቅልሉም ሊቃጠል ይችላል። በአጭሩ፣ ገመዱ ይጠር፣ ቱቦው ይርዘም። ቀለም ለሚረጭ ሰው መራቁ ሌላም ጥቅም አለው። ማሽኑን የሚያበራና የሚያጠፋው አውቶማቲክ ብልጭታ ስለሚያወጣ የቲነር እንፋሎት ባለበት ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም።

የክፍል ጥግ ድምፅን ያጎላል፤ ከሁለት ግድግዳ መገናኛ ማራቅ ነጻ ማሻሻያ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በብሎኬት የተሠራ ክፍል ካለ እርሱ ይመረጥ። ከእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግም ይገባል፤ ከጎሚስታ የሚገኝ ያረጀ የጎማ ቁራጭ ይበቃል። ፎቅ ላይ ለሚኖር ይህ ግዴታ ነው፤ ከታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው በአየር የሚሄደውን ሳይሆን በወለሉ ውስጥ የሚሄደውን መንቀጥቀጥ ነውና። ከሁሉ የበለጠ ውጤት የሚያመጣው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የመሳቢያውን ፊልትሮ ማስተካከል። ከፒስተን ማሽን ጩኸት ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ይወጣል። ከመጀመሪያው የማይጠብ ቱቦ ገጥሞ ፊልትሮውን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ማውጣት ይቻላል።

በሣጥን መሸፈን የሚፈልግም አለ። ይሠራል፤ ግን ማሽኑ መተንፈስ አለበት። ወፍራም እንጨት፣ በውስጡ እሳት የማይዘው የማዕድን ሱፍ፣ ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ መውጫ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ የታጠፉ፣ የሚቻል ከሆነ ትንሽ ማራገቢያ። የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም አይጠቀሙ፤ የሞቀ ሞተር አጠገብ የእሳት ማገዶ ነው። ዘይት አልባውን ማሽን በሣጥን የሚዘጋ ሰው የዕረፍት ጊዜውን ከወትሮው ያራዝም።

ያገለገለ ማሽን ወይም ከፍሪጅ ሞተር በእጅ የተሠራ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከድምፁ ይልቅ ታንኩን ይመልከት። የተጨመቀ አየር ውኃ ይፈጥራል፤ ውኃው ካልወጣ ታንኩን ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ቀለሙ አዲስ ሆኖ ውስጡ የሳሳ ታንክ ሊፈነዳ ይችላል። የታችኛው ቡሎን ሲከፈት ዝገት የቀላቀለ ውኃ ከወጣ፣ የብየዳ ምልክት ከታየ፣ ወይም የደኅንነት ቫልቭ ከሌለው አይግዙት። አዲሱንም ቢሆን በየሥራው ማብቂያ ውኃውን ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ ሳይሞከር የሚሸጥ ኮምፕሬሰር አይገዛም። ታንኩ ፈጽሞ ባዶ ይደረግ፣ ማሽኑ ይነሣ፣ ከዜሮ እስከ 8 ባር ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ በስልክዎ ይያዙ። የታንኩ ሊትር በ8 ተባዝቶ በደቂቃው ሲካፈል ትክክለኛው የአየር መጠን ይገኛል። ባለ 50 ሊትሩ በ5 ደቂቃ ከሞላ 80 ሊትር በደቂቃ ሰጠ ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር ሱቁ ባለበት ከፍታ ላይ የተገኘ ስለሆነ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል። የስልክ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ነገር ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በእኩል ርቀት ሁለት ማሽኖችን ለማወዳደር ይረዳል። ልኬቱ ግፊቱ 7 ባር ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ባዶ ታንክ ላይ ሁሉም ጨዋ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚለቀው የአየር ጩኸት ምን ያህል እንደሆነ፣ ዳግመኛ ግፊት እያለበት ያለችግር መነሣቱን ያዳምጡ። ከዚያ ሻጩን የቴፍሎን ቀለበትና የቫልቭ መለዋወጫ እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ሁለተኛውን ሱቅ ይሞክሩ።